በማንያክ ላይ የተሰፉ እባቦች፦ የአልታይ ሻማኖች ልብስና የትርጉሙ ታሪክ



ስለ እባብ ተምሳሌትነት ለመናገር የሚነሣ ሰው ምሳሌ አያጣም። የአማዞን አናኮንዳ አለ፤ የሕንድ ናጋ አለ፤ በግሪኮች ዘንድ በአስክሌፒዮስ በትር ላይ የተጠመጠመው አለ፤ በኦሪት ዘፍጥረት ሔዋንን ያነጋገረው አለ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ገበታ ላይ አቅርቦ እባብ የሞትና የመታደስ፣ የጥበብና የፈውስ ምልክት ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ አድማጭም ደስ ብሎት ይሄዳል። እንዲህ ያለው አካሄድ ግን ለታሪክ ተማሪ የሚያተርፍለት ጥቂት ነው፤ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን ሥራ የሚሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ያልፋቸዋልና። ስለዚህ ዛሬ የማቀርብላችሁ አንድ ልብስ ነው። ሩስያ ከሞንጎልያ፣ ከቻይናና ከካዛክስታን ጋር በምትዋሰንበት በደቡብ ሳይቤሪያ፣ በአልታይ ተራሮች፣ የአገሩ ሻማኖች ይለብሱት የነበረ ማንያክ የሚባል ካፖርት ነው። በዚህ ልብስ ላይ እባቦች ተሰፍተውበታል። እነዚያ እባቦች ለለባሹ ምን ነበሩ? ከዚያስ በኋላ ማን ምን ትርጉም ጫነባቸው? የምጠይቀው ይህን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ። «ሻማን» የሚለው ቃል የተገኘው በሳይቤሪያ ከሚኖሩት ከኤቨንኪዎች ቋንቋ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሩስያውያን ወደ ምሥራቅ ሲዘልቁ ተቀበሉት፤ ኔዘርላንዳዊው ኒኮላስ ዊትሰንም በ1692 ስለ ሰሜንና ምሥራቅ ታርታሪ ባሳተመው መጽሐፍ ከበሮ የያዘ ሻማን ሥዕል አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ቃሉ የመላው ዓለም ሆነ። አልታዮች በራሳቸው ቱርካዊ ቋንቋ የሚሉት ግን «ካም» ነው። ቃሉን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሞከረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። «ጠንቋይ» ብንል ገና ሳንጀምር ፈርደናል። «ባለዛር» ብንል ደግሞ ሌላ ነገር እንናገራለን፤ ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 ጎንደር ተቀምጦ ባጠናው ሥርዓት ዛሩ ወደ ሰው ይመጣል፣ በሰውየው ላይ ይሰፍራል፤ ካሙ ግን በዋናው ሥራው ራሱ ይሄዳል፤ መንፈሶቹ ወዳሉበት ወጥቶ ወይም ወርዶ፣ ተደራድሮ ይመለሳል። ልዩነቱ ፍጹም እንዳልሆነ ሌዊስ በ1971 ስለ ተመስጦ ሃይማኖቶች በጻፈው መጽሐፍ ተከራክሯል፤ ክርክሩም ጠንካራ ነው። ለዛሬው ጉዳያችን ግን ልዩነቱ ይጠቅመናል፤ መንገድ የሚሄድ ሰው ልብስና ጓዝ ያስፈልገዋልና። «ካም» የሚለውን ቃል እንዳለ እይዛለሁ።

ማንያክ ከቆዳ የሚሠራ አጭር ካፖርት ነው። ራቅ ብሎ ለሚመለከተው ሰው ግን ቆዳው እምብዛም አይታየውም፤ የሚታየው ከትከሻ፣ ከጀርባና ከእጅጌ ተንዠርግጎ የሚወርደው የገመድ፣ የጨርቅና የሪባን ዘርፍ ነው። በመካከሉ ቃጭሎች፣ የብረት ቁርጥራጮች፣ የወፍ ላባዎች፣ እንዲሁም የኡልገንን ሴት ልጆች የሚወክሉ ትንንሽ አሻንጉሊቶች ይገኙበታል፤ ኡልገን በላይ፣ በሰማይ የሚኖረው በጎ ጌታ ነው። ሩስያዊው ተጓዥና ተመራማሪ ግሪጎሪ ፖታኒን ስለ ሰሜን ምዕራብ ሞንጎልያ ከ1881 እስከ 1883 ባሳተመው ባለ አራት ቅጽ ሥራ ይህን ልብስ ገልጾታል። በዚያ ገለጻ መሠረት ከተንጠለጠሉት ነገሮች ብዙዎቹ እባቦች ናቸው። አንዳንዶቹ ሁለት ዐይንና የተከፈተ አፍ ያለው ራስ ተሠርቶላቸዋል፤ የትልልቆቹ ጭራ መንታ ነው፤ አልፎ አልፎም ሦስት እባቦች አንድ ራስ ይጋራሉ። ሀብታም ካም 1,070 እባቦች ሊኖሩት ይገባል ይባል ነበር።

ይህን ቁጥር ልብ በሉልኝ። አንድን ሐሳብ ለመግለጽ አንድ እባብ ይበቃል፤ መስቀል በአንገት ላይ ሲታሰር አንድ እንደሚበቃ ሁሉ። ከአንድ ሺህ የሚበልጥ ቁጥር የሚነገረው ስለ መንጋና ስለ ሠራዊት ነው። አልታዮች ከብት አርቢዎች ነበሩ፤ የሰው ክብር በፈረሱና በበጉ ብዛት ይለካ ነበር፤ የካሙም እባቦች በዚሁ ልማድ የተቈጠሩ ይመስለኛል። «ሀብታም» የሚለው ቃልም ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ሐሩና ከፋዩ በአልታይ አይሸመንም፤ ከሩስያ ነጋዴዎች ወይም በሞንጎልያ በኩል ከቻይና ይመጣ ነበር። እያንዳንዱ የጨርቅ እባብ የአንድ ሰው ወጪ ነው። ስለዚህ ልብሱን ስናይ የምናየው የመናፍስትን ዓለም ብቻ አይደለም፤ በካሙ ዙሪያ የነበረውን ማኅበረሰብ አቅምና የንግድ መሥመሩን ጭምር ነው።

በዚህ ረገድ ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ዛጎሉ ነው። በማንያክም ሆነ በሕፃናትና በሴቶች ጌጥ ላይ ነጭ ዛጎል ይሰፋ ነበር፤ የአልታይ ስሙም «ጂላን ባሽ» ነው፤ ጂላን እባብ፣ ባሽ ራስ፤ የእባብ ራስ ማለት ነው። የዛጎሉን ጥርሳም ስንጥቅ የተመለከተ ሰው ስሙ ከየት እንደ መጣ አይጠፋውም። ዛጎሉ ግን የሕንድ ውቅያኖስ ፍጥረት ነው፤ ከማንኛውም ባሕር እጅግ ርቆ ወደሚገኘው ወደ አልታይ የደረሰው በእጅ በእጅ እየተሻገረ ነው። በአገራችን በእናቶች ጌጥና በወተት ዕቃ ላይ የሚሰፋው፣ በሟርተኛውም ፊት የሚበተነው ዛጎል ከዚያው ውቅያኖስ የወጣ ነው። አንዱ ነገር በአንዱ አገር የእባብ ራስ ተባለ፤ በሌላው አልተባለም። ትርጉም ከቅርጹ ብቻ በራሱ የሚፈልቅ ቢሆን ኖሮ ጥርሳሙ ዛጎል በሁለቱም አገር እባብ በሆነ ነበር።

ወደ እባቦቹ ሥራ እንመለስ። ሁሉም ካም ማንያክ አልነበረውም፤ የነበራቸው ለይቶ «ማንያክቱ ካም» ይባሉ ነበር። ስለ ልብሱ ክፍሎች ብዙ የምናውቀው ከአንድሬይ አኖኪን ነው። አኖኪን የሙዚቃ ሰውና መምህር ነበር፤ በ1910ዎቹ ከካሞች ጋር ተቀምጦ የሰበሰበውን ጽሑፍ በ1924 በሌኒንግራድ አሳተመ። የዜማ ሰው መሆኑ የጠቀመው ይመስለኛል፤ ቃሉን እንደ ሰማው ለመጻፍ ይተጋል፣ በራሱ አባባል ለመተካት አይቸኩልም። በእርሱና በሌሎች ምስክርነት ከልብሱ ላይ ከሚንጠለጠሉት መካከል «ዩትፓ» እና «አርባ» የሚባሉ ሁለት አስፈሪ ፍጥረታት አሉ፤ አንዱ ከጥቁር ወይም ከቡናማ ጨርቅ፣ ሌላው ከአረንጓዴ የተሠሩ፣ አራት እግር፣ ጭራና ገርበብ ያለ መንጋጋ ያላቸው ናቸው። መኖሪያቸው የኤርሊክ ግዛት ነው። ኤርሊክ የታችኛው ዓለም ጌታ፣ በሽታን የሚልክ፣ የሙታን ነፍስ የምትሄድበት ነው። እነዚህ አውሬዎች በገዛ አገራቸው የሚፈሩ ናቸው፤ በካሙ ልብስ ላይ ግን ከካሙ ጋር ናቸው።

ካሙ ወደ ኤርሊክ የሚያደርገውን ጉዞ ፖታኒን የጻፈው ቼቫልኮቭ ከሚባል ቄስ ሰምቶ ነው። ጉዞው እንዲህ ይሄዳል። ካሙ ከመኖሪያው ተነሥቶ ወደ ደቡብ ያቀናል፤ የአልታይን ተራሮች ይሻገራል፤ ቀይ አሸዋ ያለበትን በረሓ ያልፋል፤ ወፍ በርሮ የማይዘልቀውን ሜዳ በዜማ ኃይል ይሻገረዋል፤ ጫፉ ሰማይ ወደሚነካ የብረት ተራራ ይደርሳል፤ በዚያም ጉዞውን መፈጸም ያቃታቸው የቀደሙ ካሞች አጥንት ከፈረሶቻቸው አጥንት ጋር ተከምሮ ያገኛል። ከተራራው ወዲያ የምድር አፍ የሚባለው ጉድጓድ አለ። በዚያ ሲወርድ ባሕር ያጋጥመዋል፤ ድልድዩ የፀጉር ያህል የቀጠነ ነው። በመጨረሻ ውሾች ወደሚጠብቁት ወደ ኤርሊክ ደጅ ይደርሳል፤ ለበረኛው እጅ መንሻ ሰጥቶ ይገባል፤ ኤርሊክን አጠጥቶ ያሰክረዋል፤ የሕዝቡን ጉዳይ ይጨርሳል። ሲመለስ በፈረስ ሳይሆን በዝይ ተቀምጦ ነው። ከበሮውን እየመታ፣ በታመመ ሰው ቤት ውስጥ በተሰበሰበው ሰው ፊት፣ ይህን ሁሉ ካሙ በቃልና በአካል ያሳያል።

አሁን እባቦቹን በዚህ መንገድ ላይ አስቀምጧቸው። የቀደሙት ካሞች አጥንት በተከመረበት ጎዳና የሚሄድ ሰው የሚለብሰው ልብስ ነው። ወደ ኤርሊክ ቤት የሚገባው የኤርሊክን አውሬዎች በጀርባው ተሸክሞ፣ ዐይንና አፍ ባላቸው እባቦች ተከብቦ ነው። ሲዘልል ይነሣሉ፣ ሲዞር ይዞራሉ፣ ቃጭሉ ድምፅ ይሆናቸዋል። እኔ ማስረጃዎቹን አንድ ላይ ሳነባቸው የሚታየኝ ይህ ነው፦ እባቡ ስለ ሌላ ነገር የሚናገር ምልክት ሆኖ አልተሰፋም፤ ሥራ ተሰጥቶት የተሰፋ ነው፤ ጠባቂ፣ አጃቢ፣ በታችኛው ዓለም ደጅ ላይ እንደ መታወቂያ የሚታይ። ካሙን «ይህ ምን ያመለክታል?» ብሎ የጠየቀ ሰው የተሳሳተ ጥያቄ ጠይቋል፤ «ይህ ምን ይሠራልሃል?» ማለት ነበረበት።

የአገሩ ተፈጥሮም ለዚህ ያግዛል። በአልታይ ከሚገኙት እባቦች አንዳንዶቹ እፉኝቶች ናቸው፤ መርዘኞች፣ ግን ትንንሽ። ክረምቱ ሲገባ ከምድር በታች በዓለት ስንጥቅ ተሰብስበው ይተኛሉ፤ በፀደይ ይወጣሉ። ወደ ታች ወርዶ በሕይወት የሚመለስ ፍጥረት በዓይን እየታየ ለካሙ አጃቢ መመረጡ አያስደንቅም። በዚህ ማብራሪያ ግን ብዙ አልደገፍበትም። ሳካዎችም ከአልታዮች በስተሰሜን ሆነው ያንኑ ረጅም ክረምት ያውቁታል፤ የእነርሱ ሻማን ልብስ ግን ከእባብ ይልቅ በአጥንት አምሳል በተሠሩ ብረቶችና በወፍ ክንፍ አምሳል በተሠራ ዘርፍ የሚታወቅ ነው። በኤቨንኪዎች ተረት ደግሞ ዲያብዳር የሚባለው ታላቅ እባብ ከማሞት ጋር ሆኖ ምድርን ያበጃል፤ ማሞቱ በጥርሱ አፈር ያወጣል፣ እባቡ የተሳበበት ሁሉ ወንዝ ይሆናል። ምድሪቱ አንድ ሳይቤሪያ ናት፤ እባቡ ግን ለአንዱ የጉዞ አጃቢ፣ ለሌላው የወንዞች ቀያሽ ነው።

እስካሁን የነገርኳችሁ ነገር የደረሰን በማን በኩል ነው? ይህ ለእኔ ዋናው ጥያቄ ነው። ደቡባዊ አልታዮች የዙንጋር መንግሥት ከወደቀ በኋላ በ1756 የሩስያ ተገዥ ሆኑ። በ1830 አርኪማንድሪት ማካሪ የሩስያ ኦርቶዶክስ ሚሲዮንን በዚያ አቋቋመ። ጉዞውን ለፖታኒን የተረከው ሚኻይል ቼቫልኮቭ፣ ከ1817 እስከ 1901 የኖረ፣ የተጠመቀ አልታያዊ፣ የሚሲዮኑ አስተርጓሚ፣ በኋላም ቄስ ነበር፤ የአልታይ ሥነ ጽሑፍም ከእርሱ ይጀምራል። ዊልሄልም ራድሎፍ በ1884 ያሳተመው ዝነኛው የፈረስ መሥዋዕት ትረካ እንኳ በከፊል ከሚሲዮናውያን መዛግብት የተቀዳ ነው። እንግዲህ ስለ ካሙ የምናውቀው ከብዙ በጥቂቱ ካሙን ይቃወሙ በነበሩ ሰዎች እጅ ተጽፎ ነው። ይህ ማለት ምስክርነታቸው ውድቅ ነው ማለት አይደለም። ቼቫልኮቭ የተጠመቀ ቢሆንም የሚናገረውን ነገር ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ትረካውም የጠላት ትረካ አይመስልም። ነገር ግን ጥንቃቄ ይሻል። ለሚሲዮናዊ ጆሮ እባብና የታችኛው ዓለም ጌታ አንድ ላይ ሲጠሩ ትርጉሙ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው፤ ኤርሊክ ሰይጣን ይሆናል፣ እባቡም የገነቱ እባብ፣ ልብሱም የክህደት ማስረጃ።

ይህ ንባብ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ያንኑ ዘፍጥረት እኛም እናነባለን። ይሁንና የራሳችን ትውፊት ራሱ በአንድ ትርጉም አይጸናም። በአክሱም ትውፊት አርዌ የሚባለው ዘንዶ ሕዝቡን እያስገበረ ይገዛ ነበር፤ የገደለውም ሰው ነገሠ። በደብረ ዳሞ ግን ዘንዶው አቡነ አረጋዊን ወደ አምባው ያወጣ አገልጋይ ነው፤ ዛሬም ወደ ገዳሙ የሚወጣው በጠፍር ገመድ ነው። ዘፍጥረትን እያነበበ የኖረ አንድ ሕዝብ ሁለቱን ትረካዎች ጎን ለጎን ይዟቸዋል። የደብረ ዳሞን ሥዕል ያየ የውጭ ሰው እባብ በመኖሩ ብቻ ሰይጣናዊ ነው ቢለን ምን እንደምንመልስለት እናውቃለን፤ የአልታዩ ካም ግን ያንን መልስ የሚመልስበት መጽሐፍ አልነበረውም።

ካሙን የተቃወመው ሚሲዮኑ ብቻ ቢሆን ታሪኩ ቀላል በሆነ ነበር። በ1904 ጼት ቼልፓን የሚባል እረኛና ጩጉል የምትባል በማደጎ ያሳደጋት ልጅ ራእይ አየን አሉ፤ ሺዎች ተከተሏቸው። «አክ ጃንግ»፣ ነጭ እምነት የተባለው ይህ እንቅስቃሴ፣ በውጭ አገር ቡርካኒዝም በሚል ስም የሚታወቀው፣ የደም መሥዋዕትን ከለከለ፤ በምትኩ ወተት ይረጫል፣ ጽድ ይታጠናል። ተከታዮቹ ኤርሊክን ካዱ፤ የካሞችንም ከበሮ አቃጠሉ። በዚያው ዓመት በሚሲዮኑ ሰዎች የተነሣሣ የሩስያ ገበሬ ስብስብ የጸሎት ቦታቸውን ወርሮ ደበደባቸው፤ መሪዎቹም ታስረው ቆይተው በ1906 ፍርድ ቤት ነጻ ለቀቃቸው። እንግዲህ በእባብ ልብሱ ላይ የተፈረደው ከሁለት ወገን ነው፤ አንደኛው ወገን ራሱ አልታያዊ ነው። የአልታይን ሕዝብ አንድ ወጥ «ሻማናዊ ባህል» አድርገው የሚያቀርቡ ጽሑፎች ይህን ምዕራፍ ዝም ብለው ማለፋቸው አያስመሰግናቸውም። ከ1904 በኋላ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ለአንዱ ጎረቤት እባቦቹ መድኃኒት ይዞ የሚመለስ ሰው አጃቢዎች ናቸው፤ ለሌላው መቃጠል ያለባቸው ናቸው።

ሦስተኛው ፍርድ የመጣው ከሶቪየት መንግሥት ነው። ሻማኖች ከሃይማኖት አገልጋዮች ተቈጥረው የመምረጥ መብት ተነፈጉ፤ በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ ከበሮና ልብስ ተወረሰ፤ ብዙ ካሞች ታሰሩ፤ ያልተመለሱም አሉ። ከተሰበሰበው የተረፈው ወደ ሙዚየም ገባ፤ በታላቁ ጴጥሮስ ዘመን በ1714 ወደ ተመሠረተው ኩንስትካሜራና ወደ ሌሎችም። የአኖኪንን ጥናት በ1924 ያሳተመውም ይኸው ተቋም ነው። እዚያ ማንያኩ በመስተዋት ውስጥ ተሰቀለ። እባቦቹ አይነሡም፣ አይዞሩም፣ ቃጭሉም አይሰማም። ከዚያ በኋላ ልብሱን ያየ ሰው ሁሉ ሊጠይቀው የሚችለው አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ፤ ምን ያመለክታል? በእኔ አመለካከት በአልታይ እባብ ሙሉ በሙሉ ተምሳሌት የሆነው በዚህ ጊዜ ነው፤ ሥራውን ከተቀማ በኋላ።

ሚርቻ ኤሊያዴ በ1951 በፓሪስ ስለ ሻማኒዝም ያሳተመው መጽሐፍ ይህን ለውጥ አጸናው። መጽሐፉ ታላቅ ሥራ ነው፤ በየቋንቋው ተበትኖ የነበረውን ጽሑፍ ያሰባሰበ ሌላ ሰው አልነበረም። ኤሊያዴ ግን በሳይቤሪያ የመስክ ጥናት አላደረገም፤ ያነበበው ነው የጻፈው። ስለ ልብሱ የሚናገረው ምዕራፍ ርእሱ ራሱ የሻማኑ ልብስና ከበሮ ተምሳሌትነት የሚል ነው። የፖታኒንን 1,070 እባቦች እዚያ ታገኟቸዋላችሁ፤ ተጠቅሰው ወዲያው ይታለፋሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለኤሊያዴ የሻማኒዝም ልብ ወደ ሰማይ መውጣት ነው፤ ስለዚህ ወፉና ላባው ብዙ ይነገርላቸዋል፤ ወደ ታች የሚወርደው ጉዞ ጓዝ ዳር ላይ ይቀራል። ልብሱ በቁጥር አብልጦ የሚያሳየውን ነገር ንድፈ ሐሳቡ አሳንሶ አየው።

ከእርሱ በኋላ የመጡት ደግሞ በተቃራኒው እባቡን የሁሉ ቁልፍ አደረጉት። ጄረሚ ናርቢ በ1995 በፈረንሳይኛ ባሳተመው መጽሐፍ በአማዞን ሻማኖች ራእይ የሚታዩት ጥንድ እባቦች ከዲ ኤን ኤ ድርብ ጥምዝ ጋር ይገናኛሉ የሚል ግምት አቀረበ። መጽሐፉ በብዛት ተነቧል፤ ከተማሪዎቻችንም ያነበቡት እንዳሉ አውቃለሁ። ለእነርሱ የምለው አጭር ነው፦ ሦስት አካል ሆነው አንድ ራስ የሚጋሩትን፣ ጭራቸው መንታ የሆነውን የአልታይ እባቦች ከዚህ ጥምዝ ጋር እንዴት ታስማሟቸዋላችሁ? የሚስማማውን መርጦ የማይስማማውን መተው ማስረጃ አይሆንም። ተመሳሳይ ፈተና በኢርኩትስክ አቅራቢያ በማልታ ይገኛል። ሚኻይል ጌራሲሞቭ ከ1928 ጀምሮ በቆፈረው በዚያ ጥንታዊ ሰፈር ከማሞት ጥርስ የተሠራ፣ መዳፍ የሚያህል ጠፍጣፋ ሰሌዳ ተገኝቷል፤ በአንዱ ገጹ ሦስት የሚጥመዘመዙ እባቦች፣ በሌላው በነጥብ የተሠራ ክብ ጥምዝ አለ። ዕድሜው ከ20,000 ዓመት ይበልጣል። ሦስት እባቦች፣ ሳይቤሪያ፣ ጥንት፤ ከዚህ ተነሥቶ እስከ ማንያክ ድረስ አንድ መሥመር ማስመር እጅግ ያጓጓል። በመካከሉ ያለው ጊዜ ግን ከእኛ እስከ ፒራሚዶች ካለው ጊዜ አራት እጥፍ ይበልጣል፤ መሥመሩንም የሚሸከም ሰንሰለት በእጃችን የለም።

ናርቢን ካነሣሁ አይቀር ወደ አማዞን አንድ ጊዜ ልሻገር፤ በዚያ ያለው እባብ ምን ያህል ሌላ እንደሆነ ለማየት ብቻ። በኮሎምቢያና በብራዚል ድንበር፣ በቫውፔስ ወንዝ አካባቢ በሚኖሩት የቱካኖ ቋንቋ ቤተሰብ ሕዝቦች ትረካ፣ አባቶች ከምሥራቅ ተነሥተው ወንዙን ሽቅብ የመጡት በአናኮንዳ ሆድ ውስጥ ነው፤ አናኮንዳው ጀልባም አባትም ነው። በባራሳናዎች ዘንድ ክርስቲን ሂዩ ጆንስ በ1979 እንዳሳየችው ወንድማማች ጎሳዎች በዚያ አካል ላይ ከራስ እስከ ጭራ በማዕረግ ይደረደራሉ፤ አለቆች በራሱ በኩል፣ ቀጥሎ ዘማሪዎችና ጨፋሪዎች፣ ጦረኞች፣ ሻማኖች፣ በመጨረሻ በጭራው በኩል አገልጋዮች። ልብ በሉ፤ ሻማኑ የእባቡ ጌታ አይደለም፤ በእባቡ አካል ላይ የተመደበለት ቦታ አለው፣ ያውም ወደ ጭራው የቀረበ። እባቡ እዚህ የትውልድ ሐረግና የመሬት ካርታ ነው፤ አናኮንዳው ያረፈበት ፏፏቴና ድንጋይ ሁሉ የማን እንደሆነ የታወቀ ነው። በ2011 ዩኔስኮ በፒራ ፓራና ወንዝ የሚኖሩትን የዩሩፓሪ ጃጓር ሻማኖች ዕውቀት በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር የታወቀላቸው ዕውቀት ከዚሁ ምድርና ወንዝ ጋር የተያያዘ ነው። «እባብ ዓለም አቀፍ የጥበብ ምልክት ነው» የሚለው ንግግር ለእነዚህ ሰዎች ክብር የሚሰጥ ይመስላል፤ ፏፏቴው የማን ነው በሚል ክርክር ግን ምንም አይረዳቸውም፤ የሁሉም የሆነ እባብ የማንም አይደለምና።

ሚሲዮናዊው ሰይጣን ያለውን ዘመናዊው አድናቂ ጥበብ ይለዋል። በስሜት ይለያያሉ። በአሠራር ግን አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ትርጉሙን ከቤታቸው ይዘው መጥተዋል፤ ሁለቱም ለባሹን አልጠየቁትም።

ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰ በኋላ ልብሱ እንደገና መሰፋት ጀምሯል። በአልታይ ጎረቤት በቱቫ፣ ደራሲና የታሪክ ምሁር የነበረው ሞንጉሽ ኬኒን ሎፕሳን በ1990ዎቹ መጀመሪያ «ዱንጉር»፣ ማለትም ከበሮ የተባለውን የሻማኖች ማኅበር አቋቋመ። በዚያው ዘመን ከአሜሪካ የመጡ የሻማኒዝም አስተማሪዎች ወደ ቱቫ ተጉዘው ከማኅበሩ ጋር ተገናኙ፤ ይዘውት የመጡትም ዕውቀት ከኤሊያዴና መሰሎቹ መጻሕፍት ብዙ የወሰደ ነበር። ስለዚህ ዛሬ በኪዚል ከተማ በአዲስ ልብስ ላይ እባብ የምትሰፋ ሴት ሦስት ምንጭ ሊኖራት ይችላል፦ ከአያቷ የሰማችው፣ በሙዚየም መስተዋት ውስጥ ያየችው፣ ከመጽሐፍ የተመለሰላት። ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ለእርሷ ላያስፈልጋት ይችላል፤ ለታሪክ ጸሐፊው ግን ያስፈልገዋል። ይህን ሥራ ለመጀመር የሚፈልግ ተማሪ የት እንደሚጀምር ልንገረውና ላብቃ። የአኖኪን ጽሑፍ የማንያክን ክፍሎች በየስማቸው ይጠራል፤ ልብሶቹም በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ ሙዚየሞች ውስጥ አሉ። ገመድ በገመድ፣ ስም በስም ሊተያዩ ይችላሉ፤ ሩስያኛና ትዕግሥት ይጠይቃል።